ቾሚንን ይዘን ኢጌልዶ የወጣን ጊዜ

መስከረም 15፣ ሐሙስ

የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። “ውሃው ይሞቃል” ብሎ የመለሰ ተማሪ አለ። ስንት ዲግሪ? በምን ያህል ጊዜ? ዝም ብሎ ይሞቃል። የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው ወይስ ተረት? ዜሮ ሰጠሁት። ቆይቼ ግማሽ ጨመርኩለት። ግማሿ እስካሁን ታናድደኛለች።

ማታ እንደ ወትሮው ከልጆቹ ጋር ወጣን። “ልጆቹ” እላለሁ… ሁላችንም ሃምሳ ስድስት ሞልቶናል። የቀረነው አራት ነን፤ ኤኔኮ፣ ቾሚን፣ እኔና ያ ሰውዬ። ስሙን አልጽፈውም። አንደኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጥን ጀምሮ አንድ ቡድን ነን። በከተማችን በዶኖስቲያ ሰው ሚስቱን ይፈታል፣ እኔም ፈትቻለሁ። ሥራውን ይለቃል፣ ሃይማኖቱን ይተዋል። ከቡድኑ ግን አይወጣም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከአንዱ ቡና ቤት ወደ ሌላው እየዞርን በትንንሽ ብርጭቆ ቢራ እንጠጣለን። እኔ በባንኮኒው አንደኛው ጫፍ፣ ያ ሰውዬ በሌላኛው ጫፍ። ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም።

ቾሚን ዛሬ ብርጭቆ ደፋ። የራሱን አይደለም፣ ከጎኑ የነበረውን።

“ገና በሁለተኛው ብርጭቆ?” አለው ኤኔኮ። “አውቶቡስ መንዳቱን ስትተው መጠጡንም አብረህ ረሳኸው?”

“ጀርባዬ ነው” አለ ቾሚን። “እጄን ስዘረጋ ይይዘኛል።”

በጸደይ ሥራ ያቆመውም በጀርባው ነው ተብሎ ነበር። ጀርባና ብርጭቆ ምን አገናኛቸው? አልጠየቅሁም።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ማኅበሩ ቤት ራት። የማብሰል ተራው የእኔ ነበር። የዓሣ ጉንጭ፣ በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት። ሥራው በሙሉ ድስቱን ማወዛወዝ ነው። እጅ ካረፈ መረቁ ይለያያል፣ ከፈላ ደግሞ አበቃለት። ጨው የምጨምረው መዝኜ ነው። “ሚዛኑ” የሚል ስም ያወጡልኝ ለዚህ ነው።

ያ ሰውዬ ከእኔ አንድ ወንበር አልፎ ተቀምጧል፤ መሃላችን ኤኔኮ አለ። ሳህኑን በዳቦ ጠራርጎ ሲጨርስ ወደ ኤኔኮ ዞረ።

“ለአብሳዩ ጨው አንሶታል በለው።”

“ጨው አንሶታል ይላል” አለኝ ኤኔኮ።

“ታዲያ ሳህኑን ለምን እንደላሰው ጠይቅልኝ።”

“ለምን ላስከው ይልሃል።”

“ርቦኝ ነው በለው።”

“ርቦት ነው። እኔም በአስተርጓሚነት ጡረታ ልወጣ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ።”

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ቾሚን ብቻ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር።

ጸቡን እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው እስኪ።

ማኅበራችን ወንዶች ተሰብስበው የሚያበስሉበትና የሚበሉበት ወጥ ቤት ነው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ። ድሮ ሴት በእንግድነት ገብታ ትበላለች እንጂ ምድጃ አትነካም ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደንቡ ተሻሻለና ሴትም አባል መሆን ቻለች። የመጀመሪያዋ አመልካች ልጄ ጋራሲ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ያኔ። እዚያ ቤት ካሉት ወንዶች ሁሉ የተሻለች አብሳይ… እኔን ጨምሮ።

አባል የሚመረጠው በቦሎቄ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር ቦሎቄ ይሰጠዋል። ማንም የሌላውን እጅ እንዳያይ መብራቱ ይጠፋል፤ ሣጥኑ አጠገብ አንዲት ሻማ ብቻ ትቀራለች። ነጩን የጣለ ተቀበለ፣ ጥቁሩን የጣለ ከለከለ። ከሁሉም መሃል አንዲት ጥቁር ከተገኘች አመልካቹ ቀረ። ማን ምን እንደጣለ መናገር ነውር ነው። መጠየቅም።

ቦሎቄዎቹ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፉ ከነጮቹ መሃል አንዲት ጥቁር ነበረች።

ያ ሰውዬ በዚያው ሳምንት “ሴቶች ወጥ ቤታችን ከገቡ እኛ የት ሄደን እንቃጠል?” ብሎ ሲያስቅ ሰምቼዋለሁ። ጥቁሯን አይቼ ቀና ስል ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ። ዓይኑን ሰበረ። በቃ። በማግስቱ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ አለፍኩት።

መስከረም 18፣ እሑድ

ኮሮ ቤቴ መጣች። የቾሚን ሚስት። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

“ጀርባው አይደለም” አለች። “ዓይኑ ነው።”

ከጎን ከጎን እየጠበበ የሚሄድ በሽታ ነው። አሁን የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። የቀረችው ቀዳዳም ብዙ እንደማትቆይ ሐኪሙ ነግሮታል።

“ለምን አልነገረንም?”

“አፍሮ ነዋ። እናንተ ደግሞ መቼ ትመቻላችሁና ይነገራችኋል? አንዱ ይቀልዳል፣ ሁለቱ ተኮራርፈዋል።”

ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም።

“ሳይጨልምበት ኢጌልዶ ተራራ ላይ መውጣት ይፈልጋል። አራታችሁ፣ በልጅነታችሁ እንደምትወጡት። የምነግራቸው ነገር አለኝ ይላል። ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም።”

“አራታችን?”

“ኬፓም ይመጣል፣ ቢሸንቴ። አዎ ብሏል። አንተን ፈርቼ ነው መጀመሪያ ወደ እሱ የሄድኩት።”

አንተን ፈርቼ… ይሄን ስትል ፈገግ አላለችም።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ስለ በሽታው ሳነብ አመሸሁ። ቡና ቤት አልሄድኩም። የመጀመሪያው ምልክት በጨለማ አለማየት ነው ይላል፤ የቀን እይታ ከመጥበቡ ከብዙ ዓመት በፊት ይጀምራል። ስንት ምልክት አይቼ አለፍኩ? በቀን እንገናኝ የሚለው እሱ ነው። ደረጃ ላይ ሁልጊዜ ከኋላችን የሚቀረው እሱ ነው። ሲኒማ ከጀመረ በኋላ አልገባም ብሎ ተጣልቶኛል አንድ ጊዜ። ስስታም መስሎኝ… ሰነፍ መስሎኝ…

ጋራሲ ከቢልባኦ ደወለች። አሁን እዚያ ትልቅ ምግብ ቤት ውስጥ ዋና አብሳይ ናት። ስለ ቾሚን ነገርኳት። አለቀሰች። በሕፃንነቷ አውቶቡሱ ላይ ከመሪው አጠገብ ያቆማት ነበር።

“ከኬፓ ጋር ትወጣለህ ማለት ነው?” አለችኝ።

“ከቾሚን ጋር ነው የምወጣው።”

“አባዬ፣ ለእኔ ብለህ ከሆነ የተጣላኸው በቃ ተወው። እኔ እኮ ያን ቤት ረስቼዋለሁ። ጣሪያው ራሴን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ የለው። እንኳን አልተቀበሉኝ።”

“ለአንቺ ብዬ አይደለም” አልኳት።

“ታዲያ ለማን?”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም አሰብኩበት። ተሰርቶብኛል ያልኩትን ግፍ ባለቤቷ ጋራሲ ጥላው ሄዳለች። እኔ ተሸክሜዋለሁ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ዝናብ። ኤኔኮ ደወለ። “እሑድ ትመጣለህ አይደል? ወይስ በእኔ በኩል ነው የምትመጣው?” እመጣለሁ አልኩት። ለቾሚን ስል።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ዝናቡ ሌሊት አቁሞ ሰማዩ ታጥቦ ነበር። ከታች ጣቢያው ተገናኘን። የገመድ ባቡሩ ያው ነው፤ የእንጨት ወንበር፣ መጋረጃ የሌለው መስኮት፣ የቅባት ሽታ። ኮሮ ቾሚንን አድርሳልን ሄደች። ቾሚን ከረባት አስሯል። ኢጌልዶ በከረባት!

“ሙሽራው ማን ነው?” አለው ኤኔኮ።

“ለባሕሩ ነው ያሰርኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ከማየው ጋር ስገናኝ ልታይለት ብዬ።”

ኤኔኮ ሳይቀልድ ቲኬት ሊቆርጥ ሄደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ላይ መዝናኛው ስፍራ ስንደርስ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ያው የሚጋጩ መኪኖች፣ ያው ቀለማቸው የተላጠ የእንጨት ፈረሶች ያሉበት ሽክርክሪት፣ ያው በካርቶን የተሠራ የሚመስል የሲሚንቶ ቋጥኝ። አዲስ ነገር የለም፤ ለመዝናኛ ስፍራ ይህ ስድብ አይደለም። ድሮ በጋው ሲያልቅ፣ ሊዘጋ ሲል፣ አራታችን እንወጣ ነበር። ቾሚን በሁሉም ላይ ካልወጣሁ አለ።

መጀመሪያ ትንሿ ባቡር። ገደሉ አፍ ላይ ሽቅብ እየወጣች ቁልቁል የምትወረወረው። ፍሬን የሚይዘው ሰውዬ ከኋላችን ቆሞ ነው አብሮን የሚሄደው፤ እንደ ድሮው። ቁልቁለቱ ላይ ባሕሩ በአንድ ጊዜ ከእግራችን ሥር ተከፈተ። ኤኔኮ እንደ ፍየል ጮኸ።

“ምን ታየህ?” አልኩት ቾሚንን ስንወርድ።

“የኤኔኮ ወርቅ ጥርስ። ሌላው አመለጠኝ።”

ከዚያ ጀልባዋ። ውሃ በተሞላ ቦይ ውስጥ በተራራው ወገብ ላይ ቀስ ብላ የምትዞረው። በአንድ በኩል ባሕሩና ከተማው፣ በሌላው በኩል ድንጋይ። መጨረሻው ላይ ዋሻ አለ። ሁለት አግዳሚ ነው ያላት። ኤኔኮ ቾሚንን ይዞ ፊተኛው ላይ ዘሎ ተቀመጠ፤ አውቆ ነው። ለእኔና ለዚያ ሰውዬ ኋለኛው ደረሰን። ጉልበታችን ይነካካል። ባሕሩ በእሱ በኩል ነው፤ ስለዚህ እኔ ድንጋዩን ሳይ ሄድኩ። ለስንት ጊዜ ከላይ ማየት የናፈቀኝን ባሕር ላለማየት ሽበት ያወጣ ድንጋይ ላይ አፍጥጬ።

ቾሚን ራሱን ቀስ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል። መስመር ተከትሎ እንደሚያነብ ሰው። “ይሄ የዓሣ ወደቡ ነው… ይሄ የደወሉ ማማ… ይሄ ምንድን ነው?” ኤኔኮ ይመልሳል።

ዋሻው ገባን። ድቅድቅ።

“አሁን እኩል ሆንን” አለ የቾሚን ድምፅ።

ውሃው ብቻ ይሰማል።

“ያን ማታ ማኅበሩ ቤት ለእኔ ልክ እንደዚህ ነበር። የጋራሲ ማታ። መብራቱ ሲጠፋ ምንም አልታየኝም። ሻማዋን እንኳ በቀጥታ ካላየኋት የለችም። ሁለቱን ቦሎቄ ይዤ ሣጥኑ ፊት ቆምኩ። የትኛው ነው ነጩ? በጣቴ ዳሰስኳቸው። አንድ ናቸው።”

“ታዲያ አብሩልኝ አትልም?” አለ ኤኔኮ።

“የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ ኤኔኮ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጨለማ ውስጥ አይታየኝም ልበል? ከኋላዬ ተሰልፈዋል፣ ‘ቶሎ በል’ ይሉኛል። አንዷን ጣልኩ።”

“ሌላዋስ?”

“ስወጣ ድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዝ ውስጥ ወረወርኳት። በብርሃን ላያት ፈራሁ።”

ጀልባዋ የዋሻውን ግድግዳ ስትነካ ይሰማል፤ ኳ… ኳ…

“እና ጥቁሯ የእኔ ትሁን አትሁን አላውቅም” አለ ቾሚን። “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላውቅም። እነዚህ ሁለቱ ሲኮራረፉ አያለሁ፣ ምናልባት ነጯን ነው የጣልኩት እያልኩ እተኛለሁ።”

ከዋሻው ወጣን። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ያ ሰውዬ ባሕሩ ላይ እንዳፈጠጠ፣

“ኤኔኮ፣ ለዚህ ሰው ንገረው” አለ። “አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።”

“መጠየቅ ነውር ነው በለው።”

“ራስህ በለው” አለኝ ኤኔኮ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። “እኔ ሥራ ለቅቄያለሁ።”

ከጀልባው ስንወርድ የቾሚንን ክንድ ያዝኩ። ለመደገፍ አልነበረም።

“ለመንጃ ፈቃድህ ብለህ?” አልኩት። “ተማሪ ጭነህ፣ ሽማግሌ ጭነህ፣ ሳይታይህ?”

“ማታ አንድም ቀን አልነዳሁም። የቀን ፈረቃ ለምኜ ነበር የምወስደው። በጸደይ ጎኖቹ ሲጠፉብኝ በዚያው ሳምንት ቁልፉን መለስኩ።”

“እኔስ? እኔ በማይታወቅ ነገር ሰው ጠልቼ ስኖር ቁጭ ብለህ አየህ።”

“አየሁ” አለ። ሌላ ምንም አላለም። ከረባቱን አስተካከለ።

ትቻቸው ሄድኩ። ወርጄ ቤቴ ልገባ ነበር። የገመድ ባቡሩ ገና አሁን መውረዱ ነው፤ እስኪመለስ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በማን ላይ ነው የተናደድኩት? በቾሚን? በሻማዋ? መቼም አንድ ሰው ላይ መሆን አለበት…

ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። አልገባሁም። ለምን እንዳልገባሁ እዚህ ላይ ምክንያት መጻፍ እችል ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ተነሥቼ ተመለስኩ።

ኤኔኮ የሚበላ ሊገዛ ሄዷል። ቾሚን ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን የብረት አጥር በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ያ ሰውዬ አጠገቡ ነው፣ በግራው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። ቾሚን ወደ ባሕሩ እያየ ይናገራል።

“ተመለስክ ቢሸንቴ? ኮቴህን ሰማሁ። እሺ፣ ዝም በል። ተናደድ። እኔ ከኬፓ ይልቅ አንተን ነው የፈራሁት። ኬፓ ቢሰማ ይሰድበኛል፣ ከዚያ ያበቃል። አንተ ግን ትመዝናለህ። ስንት ግራም ጥፋት፣ ስንት ግራም ፍርሃት… እንዲህ ተመዝኖ ማን ይተርፋል?”

ያ ሰውዬ ንቅንቅ አላለም። ዘወር ሲል ከኋላቸው ቆሜ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ምን ላድርግ እንደሚል ሰው ትከሻውን በትንሹ ከፍ አደረገ። ጸጉሩ በጣም ሸብቷል። ከባንኮኒው ጫፍ አይታይም ነበር።

“አንድ ነገር ልንገርህ” አለ ቾሚን፣ አሁንም እኔ መስዬው ለእሱ። “ማኅበሩ ቤት ስቀመጥ ኤኔኮ አለ። ይለፈልፋል፣ አለ። እናንተ ሁለታችሁ ግን የላችሁም። ዝም ስትሉ የት እንዳላችሁ አላውቅም። እስካሁን ዞር ብዬ እፈልጋችሁ ነበር። ከእንግዲህ ግን ለእኔ የሚኖር የሚናገር ሰው ብቻ ነው። ተኮራርፋችሁ ስትቀመጡ እኔ ሁለት ጓደኛ ነው የማጣው።”

አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

“ቾሚን” አልኩ። “እኔ ከኋላህ ነኝ። አጠገብህ ያለው ኬፓ ነው።”

ስሙ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ቾሚን ቀስ ብሎ ራሱን ወደ ግራ አዞረ፤ ከኬፓ ትከሻ ጀምሮ ፊቱ እስኪደርስ።

“ታዲያ እስካሁን ለማን ነው የለፈለፍኩት?”

“ለእኔ” አለ ኬፓ። “ደስ ብሎኛል። በተለይ ይሰድበኛል ያበቃል ያልከው። አንተ ደደብ። አንተ በግ። ባትሪ እንኳ ኪስህ አትይዝም? ብረታ ብረት መደብር ያለው ጓደኛ እያለህ? ይኸው አበቃ።”

ቾሚን ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና አጥሩን ይዞ ጎንበስ አለ። እኔም በቀኙ ሄጄ ቆምኩ።

“ባሕሩ መሃል ያለችው ደሴት የት ናት?” አለ ቆይቶ፣ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ። “ከመጣን ጀምሮ እየፈለግኳት ነው። ኤኔኮ ‘ያችትና’ ይለኛል። ያችት የት ነው?”

“ከደወሉ ማማ ሠላሳ ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ…” ስል፣

“ምን ዲግሪ ትለዋለህ?” አለ ኬፓ። “ሰውየው ጂኦሜትሪ ሊማር አልመጣም። ቾሚን፣ የባሕሩን ዳር ይዘህ ና። አሸዋው። ና፣ ና… አሸዋው ሲያልቅ ቁም። አሁን ወደ ውጭ።”

“ትንሽ ዝቅ” አልኩ። “አለፍካት።”

“አላለፋትም።”

“አልፏታል። አገጩን አትመለከትም?”

“አገኘኋት” አለ ቾሚን።

ዝም አልን። ሁለታችንም ወዲያው መናገር እንዳለብን ትዝ አለን መሰለኝ፣ እኩል ተናገርን። እኔ “ውሃው ከሷ ወዲህ ጠቁሯል” አልኩ፤ እሱ “አንድ ጀልባ ከጀርባዋ እየወጣ ነው” አለ።

“ነጭ ነው ጀልባው?” አለ ቾሚን።

“ነጭ ነው” አልነው።

ብዙ ቆየ እያያት። ኤኔኮ ስኳር የተነሰነሰበት ጥብስ ሊጥ በወረቀት ይዞ መጣ። ሦስታችንን በተራ አየን። “ምንድን ነው፣ ማን ሞተ?” አለ። አንድ አንድ አደለን።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ማንንም አልተቆጣሁም። ተማሪዎቹ ፈሩ።

አንድ ሰው ዓይኑን ስለሰበረ… ተማሪ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞብኝ ቢመጣ ወረቀቱን እወረውርበት ነበር። ቾሚንን ይቅር ብዬዋለሁ? ቦርሳዬን ስከፍትና ስዘጋ ይሄን ሳስብ ነበር። አላወቅሁም። ማዘኔን ግን አውቃለሁ፤ ንዴቱ ቀርቶ አይደለም፣ ከንዴቱ ጋር አብሮ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ለጋራሲ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

“እና ማን ነው የጣላት?” አለች።

“አይታወቅም።”

“አንተ ነህ አይታወቅም የምትለው? አሞሃል እንዴ አባዬ?”

“ቾሚን ሊሆን ይችላል። ኬፓ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል።”

“ኬፓን ጠይቀዋ። አሁን ትነጋገራላችሁ አይደል?”

ትነጋገራላችሁ… አጥር ላይ ስለ አንዲት ጀልባ የተባለው ንግግር ከተባለ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ቡና ቤቱ። ማን የት እንደሚቆም ጠፋን። የድሮው ቦታዬ ብሄድ ኩርፊያ ይመስላል፣ መሃል ብቆም መታየት ይመስላል። ኬፓም እንደዚሁ፤ መሃል ባንኮኒው ላይ ብርጭቆውን ይዞ እንደ እንግዳ ይሽከረከራል። በመጨረሻ ጎን ለጎን ሆንን። ስለ አየሩ አወራን። ከዚያ አለቀብን። ዘጠኝ ዓመት ያልተነገረ ነገር አለን፤ ስለ አየሩ ግን ሁለት አረፍተ ነገር።

ኤኔኮና ቾሚን ለሽንት ሲሄዱ ብቻችንን ቀረን። ኬፓ ብርጭቆውን እያየ፣

“ልትጠይቀኝ ከፈለግህ ጠይቀኝ” አለ። “ነውር ቢሆንም እነግርሃለሁ።”

ልጠይቀው ነበር። ጥያቄው አፌ ላይ ነበር፣ አንዲት ቃል ናት። ነጭ ካለኝ ጥቁሯ የቾሚን ናት ወደሚለው መሄዴ ነው፤ ዓይኑ በጨለመበት ሰው ልፈርድ። ጥቁር ካለኝ ደግሞ… እንደገና ወደ ባንኮኒው ጫፍ? በሕይወቴ የሚቆጠርን ነገር ሳልቆጥር ያለፍኩ አይመስለኝም።

“ተወው” አልኩት።

“እርግጠኛ ነህ?”

“አይደለሁም። ተወው ግን።”

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ምን እንዳለ ልጻፈው፤ “ያን ጊዜ ዓይኔን የሰበርኩት ልጅቷን አይቼ ነበር። ኩሽናው በር ላይ ቆማ፣ ውጤቱን ስትጠብቅ።”

ጋራሲ በሩ ላይ እንደነበረች አላስታውስም። እኔ የማየው እሱን ነበራ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ቾሚን ነጭ በትር መያዝ ጀምሯል። የምታሠለጥነው ልጅ መጥታ እኛንም ሰብስባ ትምህርት ሰጠችን። ሳትናገሩ አጠገቡ አትቁሙ፣ ስትመጡ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ስትሄዱ መሄዳችሁን ተናገሩ አለች። “ድምፄን መች ያጣዋል?” አላት ኤኔኮ። “የአንተን ማንም አያጣውም” አለችው። ሃያ ዓመት የምታውቀው መሰለች።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ ሆነ። ቾሚንና ኤኔኮ ቀድመው ደርሰዋል። እኔ ገባሁና፣ ቡና ቤቱ ሰው ጢም ብሏል፣ አፍሬ በዝግታ “ቢሸንቴ ነኝ” አልኩ።

“ማን?” አለ ቾሚን። ሰምቶኛል።

“ቢሸንቴ ነኝ” አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

“ከኤኔኮ በስተቀኝ ቁም። ቢራህ ታዟል።”

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ኬፓ መደብሩን ዘግቶ መምጣቱ ነው፤ ጃኬቱ ላይ የብረት ብናኝ አለ። በሰው መሃል ተጋፍቶ ወደ ቾሚን ቀረበና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከቾሚን ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሲናገር የሚያየው እኔን ሆነ።

“ኬፓ ነኝ” አለኝ።

በስድስት ዓመታችን የአንደኛ ክፍሉ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ስማችንን ተጠያይቀን ይሆናል። አላስታውስም።

“ቢሸንቴ” አልኩት፣ እጄን ዘርግቼ።